ከለገሃር እስከ ጦር ኃይሎች፤ የውጭ ኩባንያዎች የቋንቋ አያያዝና የሥራ ቃላት ታሪክ በኢትዮጵያ

1. መነሻ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ ምዕራብ መሥመር ከስታዲየም አልፎ ወደ ምዕራብ ሲያቀና የሚቆምባቸው የመጨረሻዎቹ ስድስት ጣቢያዎች ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ እድ፣ ልደታ፣ ኮካ እና ጦር ኃይሎች ይባላሉ። መሥመሩ የሚያበቃው ወደ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ መግቢያ በር በሆነው በጦር ኃይሎች ነው። ተሳፋሪው እነዚህን ስሞች የሚሰማቸው መውረጃውን ለማወቅ ያህል ነው። ቃል አጥኚው ግን ካዳመጣቸው በውስጣቸው የአንድ ምእተ ዓመት ታሪክ ያገኛል።

‹ለገሃር› የፈረንሳይኛው ‹ላ ጋር› ነው፤ ትርጉሙም ‹ጣቢያው› ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ‹ለገሃር ጣቢያ› ስንል በሥረ ቃሉ ‹ጣቢያው ጣቢያ› ማለታችን ነው። ‹ኮካ› ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከተተከለው የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ፣ ፋብሪካውም ከአሜሪካዊው መጠጥ ነው። ‹ጦር ኃይሎች› የሠራዊቱ ሆስፒታል ስም ነው። ‹ተግባረ እድ› ደግሞ በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ስም ሲሆን ቃሉ ግእዝ ነው፤ ‹የእጅ ሥራ› ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ መሥመር ላይ የፈረንሳይ ኩባንያ፣ የአሜሪካ ሸቀጥና የአገር ትምህርት ቤት ስም ተሰልፎ ይገኛል። ሐዲዱን ዘርግቶ፣ ባቡሩን አምጥቶ፣ ሥራውንም አስጀምሮ የሄደው የቻይና ኩባንያ ግን በራሱ ቋንቋ አንድም ስም አልተወም።

ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ ነው። አንድ የውጭ ኩባንያ አገር ገብቶ ሲሠራ የቋንቋን ችግር እንዴት ይፈታል? የተፈታበት መንገድስ ኩባንያው ከሄደ በኋላ በሠራተኛው ዕውቀትና በአገሩ ቋንቋ ላይ ምን ይተዋል? ጉዳዩ ለኩባንያ አስተዳዳሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁና የሥራ መመሪያ የሚተረጕሙ ሁሉ በየቀኑ የሚጋፈጡት የዚህኑ ጥያቄ ውጤት ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ የተጠቀሱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ለውይይቱ እንዲመች የአንድን ኩባንያ ቋንቋ በሦስት እንከፍለዋለን። የመጀመሪያው የወረቀት ቋንቋ ነው፤ ውሉ፣ የሒሳብ መዝገቡ፣ የመሣሪያው መመሪያ የሚጻፍበት ነው። ሁለተኛው የእጅ ቋንቋ ነው፤ በጥገና ቤትና በሥራ ሜዳ አለቃና ሠራተኛ መሣሪያ እየተቀባበሉ የሚነጋገሩበት ነው። ሦስተኛው የመስኮት ቋንቋ ነው፤ ኩባንያው ደንበኛውን የሚያነጋግርበት ነው። ሦስቱ አንድ ሆነው የሚገኙበት ኩባንያ ጥቂት ነው፤ በአገራችን ታሪክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም ተለያይተው ኖረዋል።

2. የምድር ባቡር ኩባንያና ፈረንሳይኛ

በቅድሚያ ‹ኩባንያ› የሚለው ቃል ራሱ መንገደኛ ነው። ሥሩ የጣሊያንኛው ‹ኮምፓኛ› ሲሆን በቀይ ባሕር ንግድ በዐረብኛ በኩል አልፎ ወደ እኛ የደረሰ ነው። ‹ባቡር› ም እንዲሁ፤ ‹እንፋሎት› የሚል ትርጉም ካለው የጣሊያንኛ ቃል ተነሥቶ በቱርክኛና በዐረብኛ አፍ ተለውጦ ገባ። ‹ሐዲድ› የዐረብኛ ‹ብረት› ነው። ይህ የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹ ቃላት የገቡት ከኩባንያው ወረቀት ሳይሆን ከወደቡና ከንግዱ መንገድ መሆኑን ነው። ኩባንያው ከመምጣቱ በፊት ስሙ ቀድሞት መጥቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ፈቃድ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ጊዜው ልብ ሊባል ይገባዋል። ከአምስት ዓመት በፊት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል የአንቀጽ 17 አማርኛና ጣሊያንኛ አለመስማማት ቤተ መንግሥቱን ምን ላይ እንደ ጣለው ሁሉም ያውቀዋል። በዚያ ዘመን የሁለት ቋንቋ ውል አደጋ የመጽሐፍ ትምህርት ሳይሆን ትኩስ ቁስል ነበር። ኢልግ ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ በሸዋ የኖሩና አማርኛ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ያመኗቸው ስለ ምህንድስናቸው ብቻ ሳይሆን ያለ አስተርጓሚ ስለሚያነጋግሯቸውም ጭምር ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። በኩባንያው ታሪክ መግቢያ ላይ ቋንቋ የተማረው የውጭው ሰው መሆኑ መታወስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገልብጧልና።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሜዳው ላይ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተቻለ በዚያው አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ መጀመሪያ ‹አዲስ ሐረር› ተባለ፤ ድሬዳዋ ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወድቆ በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ቀጠለና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመሥመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

የኩባንያው የወረቀት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። የእጅ ቋንቋው ግን በድሬዳዋ ጥገና ቤት ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ዐረብኛ ተናጋሪዎች የሚቀላቀሉበት ነበር፤ ፈረንሳይኛውም በዚያ መካከል እንደ ድልድይ ሆኖ ተዘረጋ። ኩባንያው ጸሐፊ፣ ትኬት ቈራጭ፣ የጣቢያ ሹምና መካኒክ ያስፈልገው ስለ ነበር የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ሥራ የሚያገኝበት ቤት ሆነ። በአዲስ አበባም ከምኒልክ ትምህርት ቤት ቀጥሎ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ዋና የውጭ ቋንቋ አድርጎ ያስተምር ነበር። ስለዚህ እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ የኩባንያው የወረቀት ቋንቋና የአገሩ ዘመናዊ ትምህርት ቋንቋ አንድ ነበሩ። ከዚህ ዘመን የቀሩልን ቃላት ዛሬም በአፋችን አሉ፤ ‹ቢሮ›፣ ‹ፉርጎ›፣ ‹ቴምብር›፣ ‹ሾፌር›፣ ‹አክሲዮን› ሁሉም ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ‹አክሲዮን› በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ውስጥ ገብቶ በ2013 ዓ.ም. በተተካው አዲሱ ሕግም ሳይለወጥ ቀጥሏል።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ማስተማር ያዙ፤ ከዚያም በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። ምድር ባቡሩ ግን በፈረንሳይኛው ጸና። በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት የኩባንያው መቀመጫ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ቢዛወርም መዝገቡና መመሪያው ቋንቋውን አልቀየረም። ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ወጣት መሐንዲስ በእንግሊዝኛ ተምሮ በፈረንሳይኛ ወደሚጻፍበት ቤት ይገባ ነበር። ኩባንያው በትልቅ አገር ውስጥ የቋንቋ ደሴት ሆነ። ልምድ ያላቸው የድሬዳዋ ባለሙያዎች ያካበቱት ጥልቅ ዕውቀት ከደሴቱ ለመውጣት ድልድይ አጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ሲቋረጥ አብሮ የተቋረጠው የባቡር አገልግሎት ብቻ አልነበረም።

3. በአምስት ዓመት የገባ ቋንቋ

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የጣሊያንኛው ነገር እንቆቅልሽ ይመስላል። ፈረንሳይኛ በምድር ባቡሩ ውስጥ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ኖሮ ወደ ሰፊው ሕዝብ ያወጣቸው የጥገና ቃላት ጥቂት ናቸው። ጣሊያን አገሪቱን የያዘው ለአምስት ዓመት ያህል ቢሆንም ዛሬ ኮልፌ ውስጥ ወይም በሌላ ሰፈር ያለ ማንኛውም ጋራዥ ቢጐበኝ ‹ጎማ›፣ ‹ካምቢዮ›፣ ‹ካቻቢቴ›፣ ‹ኩሽኔታ›፣ ‹ችንጊያ›፣ ‹ላሜራ›፣ ‹ብሎን›፣ ‹ዳዶ› ሲባል ይሰማል። የጎማ ጠጋኙ ራሱ ‹ጎሚስታ› ነው። የሠራተኞች አለቃ ‹ካቦ› ነው። ጋራዥ የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ ቢሆንም በውስጡ የሚነገረው ጣሊያንኛ ነው።

ምክንያቱ በጊዜ ርዝመት አይገኝም። ምክንያቱ የሚገኘው ቃሉ የተላለፈበት መንገድ ላይ ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ በአገሪቱ የቀሩ ጣሊያናውያን የእጅ ባለሙያዎች የመኪና ጥገና፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ከፈቱ። ኢትዮጵያዊው ረዳት ከጌታው ጎን ቆሞ መሣሪያ እያቀበለ ተማረ፤ ዳዶ ሲባል ዳዶ አቀበለ። ትንሽ ቆይቶ ረዳቱ የራሱን ጋራዥ ከፈተ፤ እርሱም ሌላ ረዳት ያዘ። ቃሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አንድም መዝገበ ቃላት፣ አንድም አስተርጓሚ በመካከል አልቆመም። የምድር ባቡሩ ጥገና ቤት በአንጻሩ የአንድ አሠሪ ቤት ነበር፤ ከዚያ የሚወጣ ባለሙያ የራሱን ባቡር ጥገና ቤት ሊከፍት አይችልም። ስለዚህ ቃሉ ከአጥር ውስጥ ቀረ።

በዚህ የእጅ ቋንቋ ውስጥ አንድ ሌላ ቁም ነገር አለ። ሠራተኛው ሁሉንም ነገር አልተዋሰም። ‹ብሎን› ንና ‹ዳዶ› ን ከጣሊያንኛ ወስዶ የሚፈታበትን መሣሪያ ግን ‹መፍቻ› አለው። የሚጐተተውን የጭነት መኪና አካል ‹ተሳቢ›፣ አፈር የሚደፋውን መኪና ‹ገልባጭ› አለው። እነዚህ ቃላት ማንም ኮሚቴ ተሰብስቦ ያወጣቸው አይደሉም፤ ነገር ግን የአማርኛን የአመሠራረት ሕግ ጠንቅቀው የሚከተሉ፣ ሲሰሙም ሥራቸውን በራሳቸው የሚናገሩ ናቸው። ልብ ብለን ብናይ ሠራተኛው ስሙን ከውጭ ሲዋስ ድርጊቱን ከአገር አውጥቶ ሰይሟል። የሙያ ቃላት አዘጋጅ ሊማርበት የሚገባ ዘዴ ነው።

4. አየር መንገድና ትምህርት ቤቱ

ቃል ወደ አማርኛ ካልገባ ዕውቀት አይቀርም ወደሚል መደምደሚያ ግን መቸኰል አይገባም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ ይህን ይከለክላል።

አየር መንገዱ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። አብራሪዎቹ፣ የጥገና ባለሙያዎቹና ሥራ አስኪያጆቹ በመጀመሪያ አሜሪካውያን ነበሩ። የወረቀት ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር፤ እስከ ዛሬም ነው። ይሁን እንጂ በ1950ዎቹ የአብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ በአገር ውስጥ ተደራጀ፤ በ1963 ዓ.ም. ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፤ በ1967 ዓ.ም. የቲ.ደብልዩ.ኤ. ውል ሲያበቃ ኩባንያው ያለ አንዳች መናጋት በኢትዮጵያውያን እጅ ቀጠለ።

ይህ እንዴት ሆነ? ሦስት ነገሮች ተገጣጥመው ነበር። አንደኛ፣ ጊዜ ነበር፤ ውሉ ወደ 30 ዓመት ተጠግቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት ነበር፤ ዕውቀቱ በአንድ አሠልጣኝ ራስ ውስጥ ሳይሆን በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ተቀመጠ። ሦስተኛ፣ የኩባንያው የወረቀት ቋንቋና የአገሩ ከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ አንድ ነበሩ። ምድር ባቡሩ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ያጣው ይህን ሦስተኛውን ነበር። በአየር መንገዱ አማርኛ የመስኮት ቋንቋውን ያዘ፤ ‹በረራ›፣ ‹አብራሪ›፣ ‹መንገደኛ›፣ ‹አስተናጋጅ› የሚሉት ለዚህ ምስክር ናቸው። የአውሮፕላኑ ስም ከቀድሞው የፈረንሳይኛ ዘመን የተወረሰ ሲሆን ድርጊቱ ግን እንደ ጋራዡ ሁሉ በአማርኛ ተሰየመ።

ስለዚህ መመዘኛው ‹አማርኛ ነው ወይስ የውጭ ቋንቋ?› የሚል ብቻ አይደለም። መመዘኛው ‹ዕውቀቱ ሠራተኛው በሚያነበውና ለተከታዩ ሊያስተምርበት በሚችል ቋንቋ ተቀምጧልን?› የሚል ነው።

5. የቻይና ኩባንያዎችና ሦስተኛው ቋንቋ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግንባታ በጥር 2004 ዓ.ም. ተጀምሮ የሰሜን ደቡቡ መሥመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ደግሞ በዚያው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ሥራ ጀመረ። ግንባታውን ያከናወነው የቻይና ምድር ባቡር ኩባንያ ሲሆን የመጀመሪያውን የሥራ ዘመን ከሸንዠን ሜትሮ ጋር ሆኖ ለ41 ወራት እንዲያስተዳድር ውል ተፈረመ። በሌላ በኩል በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለስድስት ዓመታት በቻይና ኩባንያዎች ተመርቶ በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላለፈ።

በእነዚህ ሥራዎች የቋንቋው ሁኔታ ከቀደሙት የተለየ ነበር። በምድር ባቡሩ ዘመን አለቃው በራሱ ቋንቋ ይጽፍና ይናገር ነበር። በአየር መንገዱም እንዲሁ። እዚህ ግን አለቃው ቻይንኛ፣ ሠራተኛው አማርኛ ወይም ሌላ የኢትዮጵያ ቋንቋ ይናገራል፤ የሚገናኙት ለሁለቱም እንግዳ በሆነው በእንግሊዝኛ ነው። መመሪያው ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ይመጣል፤ ሠራተኛው እንግሊዝኛውን በልቡ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። አንድ ትእዛዝ ከተነሣበት እስከሚፈጸምበት ድረስ ሁለት ጊዜ ይተረጐማል፤ በእያንዳንዱም መሻገሪያ የሚፈስ ነገር አለ።

በሥራ ሜዳው ላይ አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ቻይንኛ የተቀላቀሉበት፣ በእጅ ምልክትም የሚታገዝ መግባቢያ መፈጠሩ አልቀረም። የቻይናው አለቃም ጥቂት የአማርኛ የትእዛዝ ቃላትን ይማራል። ይሁን እንጂ ይህ መግባቢያ ሥራው ሲያልቅ አብሮ ይበተናል። ውሉ አጭር ነው፤ አለቆቹ ይለዋወጣሉ፤ በመካከል አስተርጓሚ ይቆማል፤ እንደ ጋራዡ ረዳት ከጌታው ተምሮ የራሱን ቤት የሚከፍት የለም። ለዚህ ነው በብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ከቻይናውያን ጋር ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ አብረው ሠርተው እያለ በአማርኛ ውስጥ ሥር የሰደደ የቻይንኛ የሥራ ቃል ፈልጎ ማግኘት አዳጋች የሆነው። ቃል የሚገባው በደጅ ሳይሆን በእጅ ነው።

ከርክክቡ በኋላ ከቀላል ባቡሩ 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ከሥራ ውጭ ሆነው መታየታቸው የታወቀ ነው። ለዚህ ዋናው ምክንያት የመለዋወጫና የውጭ ምንዛሪ እጥረት እንደ ሆነ ተነግሯል፤ ቃል ብቻውን የመለዋወጫን ቦታ አይተካም። ነገር ግን የተበላሸውን ለይቶ በትክክለኛ ስሙ መጥራት፣ የመመሪያውን ገጽ ያለ ጥርጥር ማንበብ፣ የተማሩትን ለተከታዩ ማስተላለፍ የጥገና የመጀመሪያው መሣሪያ መሆኑን የሚክድ ባለሙያ አይኖርም።

6. ‹ዝጋ› የሚለው ቃል አደጋ

የጉዳዩን ክብደት በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ቀላል ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው በ750 ቮልት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በእንግሊዝኛ የኤሌክትሪክ ትምህርት መሥመሩ ‹ተዘጋ› ሲባል የተቋረጠው ተገናኝቶ ኃይሉ መፍሰስ ጀመረ ማለት ነው፤ ‹ተከፈተ› ሲባል ደግሞ ተቋረጠ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ቧንቧን፣ በርንና ማንኛውንም መተላለፊያ ‹ዝጋ› ስንል እንዳያልፍ ከልክል ማለታችን ነው። እንግዲህ ተርጓሚው ቃሉን በቃሉ ለውጦ ‹መሥመሩን ዝጋ› ብሎ ቢጽፍ፣ በወረቀቱ ላይ ኃይል ልቀቅ የሚለው ትእዛዝ በሠራተኛው ጆሮ ኃይል አቋርጥ ሆኖ ይሰማል። ስሕተቱ የሰዋስው አይደለም፤ የሕይወት ነው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግን ይህን ወጥመድ ከተርጓሚው ቀድሞ አልፎታል። እርሱ ‹አብራ› እና ‹አጥፋ›፣ ‹አገናኝ› እና ‹አቋርጥ› ይላል፤ መሣሪያውንም ‹ማብሪያና ማጥፊያ› ብሎ ሰይሞታል። መነሻ ያደረገው የቃሉን መልክ ሳይሆን የድርጊቱን ውጤት ነውና አይሳሳትም።

‹ቀላል ባቡር› የሚለው ስምም ራሱ ያስተምራል። ‹ቀላል› ያልከበደ ማለትም፣ ያልተቸገረ ማለትም ነው። ሰሚው ሁለተኛውን ትርጉም ቢወስድ ባቡሩን ለመሥራት ወይም ለመንዳት የማያስቸግር ነገር አድርጎ ሊገምተው ይችላል። ስሙ አሁን በሕዝቡ አፍ ስለ ተተከለ ማንም አይነቅለውም፤ መንቀልም አያስፈልግም። ነገር ግን የሙያ ቃል ሲመረጥ የሚገባው ጥንቃቄ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ያመለክታል። ከኮልፌ ቀራንዮ ጎን ያለው ክፍለ ከተማ ስምም ሌላ ምስክር ነው። ሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ሲመጣ ‹ንፋስ ስልክ› ተባለ፤ ያማረ ስያሜ ነበር። ዕቃው በኋላ ‹ሬዲዮ› ተብሎ ቀረ፤ ስያሜው ግን የሰፈር ስም ሆኖ ተረፈ። ጥሩ ቃል መውጣቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ ዕለት ዕለት የሚጠራው ሠራተኛ ካላገኘ ቃሉ ቦታውን ይለቃል።

7. የአካዳሚና የተርጓሚ ድርሻ

በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከሆነ ጀምሮ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። የዚህ ሥራ መነሻ በአብዛኛው የእንግሊዝኛው የቃላት ዝርዝር፣ ማለትም የወረቀት ቋንቋ ነበር። ከዚህ በላይ የተመለከተው ታሪክ የሚያሳየው ግን ከወረቀቱ በፊት መደመጥ ያለበት የእጅ ቋንቋ መኖሩን ነው። ከዚህም በመነሣት ለውይይት የሚከተሉት ይቀርባሉ።

በመጀመሪያ፣ የሥራ ቦታ ቃላት በአስቸኳይ ይሰብሰቡ። በድሬዳዋ በፈረንሳይኛ የሠለጠኑት የምድር ባቡር ባለሙያዎች ቁጥራቸው በየዓመቱ ይቀንሳል። እነርሱ ለእያንዳንዱ የባቡር አካል የሰጡት ስም፣ ፈረንሳይኛውም አማርኛውም ሶማሊኛውም ኦሮምኛውም፣ ካልተመዘገበ ዳግመኛ አይገኝም። የጋራዡና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቃላትም እንደ ‹ተራ አነጋገር› ሳይናቁ ከነትርጉማቸው፣ ከነምሳሌያቸውና ከተነገሩበት ቦታ ጋር ይመዝገቡ።

ሁለተኛ፣ ቃላት የውል አካል ይሁኑ። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት የውጭ ዜጋ የሚቀጥር ባለሀብት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያዊ እንዲተካ አስፈላጊውን ሥልጠና የመስጠት ግዴታ አለበት። ሥልጠና ግን ያለ ቃል አይሰጥም። ከመሣሪያው መመሪያ ጋር በመነሻው ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛና ሠራተኛው በሚናገራቸው የአገር ቋንቋዎች የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር እንዲረከብ በውሉ ቢጠየቅ ወጪው ከአንድ መለዋወጫ ዋጋ አይበልጥም። ሥራውም በአማርኛ ብቻ መወሰን የለበትም። የመስኮት ቋንቋን በሚመለከት ኩባንያዎች ይህን ተረድተዋል፤ በ2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን ከድሬዳዋ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኞቹን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ ለማነጋገር ተሰናድቶ ነው የመጣው። ለደንበኛው የታሰበው ለጥገና ሠራተኛው የማይታሰብበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛ፣ አስተርጓሚው የሙያ ቦታ ይሰጠው። ከግእዙ ‹ተርጐመ› የሚወጣው ይህ ስም በቤተ መንግሥቱና በቤተ ክህነቱ ክብር ነበረው፤ የዐረብኛው ‹ተርጁማን› ም የሥሩ ዘመድ ነው። በሥራ ሜዳ ላይ የሚገኘው የዛሬው አስተርጓሚ ግን ብዙ ጊዜ ውሉ ሲያልቅ የሚሰናበት ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው። በየቀኑ ለራሱ የሚጽፋት ትንሽ የቃላት ደብተር አብራው ትሄዳለች። ያች ደብተር ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከብዙ መጻሕፍት የበለጠች ምንጭ ናት፤ ምክንያቱም በውስጧ ያሉት ቃላት ሁሉ በሥራ ተፈትነው ያለፉ ናቸው።

8. ማጠቃለያ

የፈረንሳይ ኩባንያ ቃሉን ለአገሩ አውርሶ ዕውቀቱን በደሴት ላይ ተወ። ጣሊያናዊው የእጅ ባለሙያ ቃሉንም ዕውቀቱንም ለረዳቱ አወረሰ። አሜሪካዊው ኩባንያ ዕውቀቱን በትምህርት ቤት አስቀመጠ። የቻይናው ኩባንያ ሐዲዱን ተወ፤ ቃሉም ዕውቀቱም ምን ያህል እንደ ቀረ የሚወሰነው ግን ከእንግዲህ በኛ ሥራ ነው። ኩባንያዎች በውል ይመጣሉ፤ በውል ይሄዳሉ። በመካከል ያለው ሠራተኛ ግን ይቀራል፤ እጁ የያዘውን መሣሪያ የሚጠራበት ቃል ሊኖረው ይገባል። ያን ቃል አዳምጦ መመዝገብ፣ የጐደለውን መሙላት፣ የሚያሳስተውን ማረም የማንም ኩባንያ ግዴታ ተብሎ አያውቅም፤ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ግን የሠለጠኑበት ሥራ ነው።